ሽማግሌ በማለዳ አይላክም

በዚህ ዓለም ሲመጣ ማንም ደስ የማይለው፣ ሲዘገይ ግን ሁሉም የሚሰድበው እንግዳ ቢኖር አምቡላንስ ነው። እኔ እንጀራዬን የማገኘው ከዚህ እንግዳ ጋር ነው። በእስራኤል አገር፣ በቤርሼቫ ከተማ የአምቡላንስ ሆቬሽ ነኝ። ሆቬሽ ማለት፣ ዕብራይስጡ ለማይገባችሁ፣ ሐኪም ሳይሆን እንደ ሐኪም የሚሮጥ፣ ተሸካሚ ሳይሆን ወገቡ የሚቆረጥ፣ ጥፋተኛ ሳይሆን የሚረገም ሰው ነው። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ለጎረቤት «ልጄ ዶክተር ነው፤ መኪናውም ሲጮህ መንገድ ይለቀቅለታል» ትላለች። አርሜያት አላውቅም። እናትን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር አጠራሩ አይከፋኝም።

እናቴ ያወራችውን ከኢትዮጵያ የመጡት ወገኖቼ አምነው ተቀብለዋል። ሠርግ ላይ እስክስታ ስወርድ አንዱ ጠጋ ብሎ «አንተ ትከሻህን እንዲህ ታነሳለህ፤ የኔ ቀኙ አልነሳ ካለ ወር አለፈው» ይለኛል። ገበያ ውስጥ ቲማቲም ስመርጥ አንዲት እናት የመድኃኒት ከረጢታቸውን ከሽንኩርቱ ሥር ያወጡና ቀዩ ለምን እንደሆነ ነጩ ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል። የደም ግፊት መለኪያ ከመኪናዬ ስለማይጠፋ በዚህ ከተማ ያላሰርኩት የሽማግሌ ክንድ የለም። የራሴን ክንድ ግን አላሰርኩትም። ባለቤቴ «አንተስ መቼ ነው የምትለካው?» ስትለኝ «ነገ» እላለሁ። ይህን የምላት ብዙ ጊዜ ቡሬካስ እየበላሁ ነው፤ ያ በቅቤ የራሰ የሥራ ሰዓት ቁርሴ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርላችሁ። የደንብ ልብሴን ለብሼ በማላውቀው ሰው ቤት ስገባ አንበሳ ነኝ። «ተቀመጥ! ክንድህን አምጣ! ምን ዋጥክ?» እላለሁ፤ ፕሮፌሰርም ቢሆን እሺ ይለኛል። የወገኔ ሽማግሌ ፊት ስቆም ግን ጎንደር ትቼው የመጣሁት ሕፃን ተመልሶ ይመጣና እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እቆማለሁ። በሽተኛው ፊቱ አመድ መስሎ፣ ላቡ እየወረደ፣ እኔ «እንደምን ነዎት?» ስለው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ? እናትህስ? ልጆቹስ?» ይለኛል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሥራ ባልደረባዬ ቫዲም፣ ከሩሲያ የመጣ ትልቅ ሰውዬ፣ የልብ ማሽኑን ታቅፎ ትርጉም ይጠብቃል።

«ምን አለ?»

«ደህና ነኝ አለ።»

«ይህን ሁሉ አውርቶ?»

«ስለ አንተም ጠይቋል» እለዋለሁ። ቫዲም ማንም በሽተኛ ስለ እሱ ጠይቆት ስለማያውቅ ደስ ይለዋል።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አባባ ተገኘ የሚባሉ ሰው አሉ። ከባለቤታቸው ከእማማ ብርቄ ጋር ይኖራሉ። ልጃቸው ዝናሽ ለሃቪም በምትባል ጎረቤት ከተማ አንዲት አሮጊት የምትጠብቅ ናት፤ ሌሊት ወጥታ ሌሊት የምትገባ። አንድ ቀን ይቺ ዝናሽ አምቡላንስ ጠራችና እጣው ለእኔና ለቫዲም ደረሰ። አባባ ተገኘ ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን እየያዙ መቆም ጀምረዋል። «ሰው ደረቴ ላይ ይቀመጥብኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ተነሥቶ ይሄዳል» አሉ፤ ስለ አንድ ሥርዓት የለሽ ጎረቤት የሚያወሩ ይመስል ነበር።

ቫዲም ማሽኑን አያይዞ ወረቀቱን አየና ቅንድቡን አነሣ። ቫዲም ቅንድቡን በከንቱ አያነሣም። «አሁኑኑ ወደ ሚዩን» አለ። ሚዩን የሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል ነው። ተረጎምኩላቸው።

«አልሄድም» አሉ አባባ ተገኘ።

«አባባ፣ ልብዎ ነው።»

«ልቤ ከሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ጎረቤቴን አበበን ባለፈው ዓመት እንዴት እንዳወረዳችሁት አይቻለሁ። ጎረቤት ሁሉ ሰገነት ላይ ቆሞ እያየው፣ በቃሬዛ፣ እግሩ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ። ያን የመሰለ ሰው! አልተመለሰም። እኔ በቃሬዛ አልወርድም፤ በእግሬም ሄጄ በሽተኛ ነኝ ብዬ እጄን አልሰጥም።»

ሕጉ ሕግ ነው፤ አእምሮው ጤነኛ የሆነን ሰው ያለ ፈቃዱ ተሸክመን አንወጣም። ዝናሽ ለመነች፣ እማማ ብርቄ የባላቸውን ጉልበት ያዙ፣ እኔ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። አልሆነም። ደረጃውን ስንወርድ ቫዲም «የዚህ ሰውዬ የልብ ሥር ሊዘጋ ነው። ዛሬ ካልሆነ ነገ፣ ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ። አንተ የእነሱ ሰው ነህ፤ አንድ ነገር አድርግ» አለኝ። አባባ ተገኘ አባቴ ሲሞት አጠገቤ ተቀምጠው ያደሩ ሰው ናቸው። በዚያ ደረጃ ላይ አንበሳነቴን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

ያን ጊዜ ነው ያ ጉረኛ ሐሳብ የመጣልኝ። ሽማግሌ! ልጃገረድ ስትጠየቅ ሽማግሌ ይላካል፤ ባልና ሚስት ሲኳረፉ ሽማግሌ ይገባል፤ ታዲያ አንድ ሰው ከሆስፒታል ጋር ሲኳረፍ ሽማግሌ የማይላከው ለምንድን ነው? በዚህ አገር ማሽን የማይፈታውን እኛ በባህላችን እንፈታዋለን አልኩ። ለቫዲም ሳይቀር አብራራሁለት፤ እጄን እያወዛወዝኩ፣ ስለ አባቶች ጥበብ ረጅም ንግግር አደረግኩ። ቫዲም «ጥሩ፤ ግን ቶሎ» አለኝ። ቶሎ ማለቱ ነው የጎዳኝ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሁለት ሰዎች መረጥኩ። አንደኛው ቄሳችን ናቸው፤ የቤተ እስራኤል ቄስ፣ ነጭ ጥምጥምና ከእጃቸው የማይለይ ጃንጥላ ያላቸው፣ ቃላቸው የማይወድቅ ሰው። ሁለተኛው አባባ ፈረደ ናቸው፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም ይባልላቸዋል፣ አንዳንዶቹን ሳይፈልጉ ጭምር። ሁለቱም ወዲያው እሺ አሉ። «መቼ እንሂድ?» ሲሉኝ «ነገ በማለዳ» አልኩ። ለምን በማለዳ? ሚሽመሬቴ፣ ማለትም የሌሊት ፈረቃዬ፣ የሚያበቃው ያን ጊዜ ስለሆነ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩና ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ አድናቆት ቆጠርኩት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከነደንብ ልብሴ፣ ሌሊቱን ሙሉ ባልተከደነ ቀይ ዓይኔ፣ ሽማግሌዎቹን በትንሿ መኪናዬ ጭኜ ሽኩና ዳሌት ደረስኩ። ቄሱ ከፊት፣ አባባ ፈረደ ኩታቸውን ተከናንበው ከኋላቸው፣ እኔ ደግሞ መጨረሻ፣ ቀስ እያልን ደረጃውን ጀመርን። አንደኛ ፎቅ ላይ ለጽዳት ሥራ አውቶቡስ ልትይዝ የምትወርድ የሰፈር ሴት አገኘችን። ቄሱን አየች። አባባ ፈረደን አየች። የእኔን ዓይን አየች። ቦርሳዋን ለቀቀችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

እናንተ ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም ነበር። «ምነው፣ አመመሽ?» ብዬ የእጇን ትርታ ልይዝ ጎንበስ አልኩ።

በአገራችን ሽማግሌ የሚላክበት ሥርዓት እንዳለ አስታውሼ፣ ሌላ ሥርዓት እንዳለ ዘነጋሁት። የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም፣ ማታ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ቄሱን ይዘው፣ ቀስ ብለው በሩን አንኳኩተው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ የደንብ ልብስ ጨመርኩበት፤ በዚህ አገር ማለዳ በር ላይ የሚቆም የደንብ ልብስ የወታደር መርዶ መሆኑን ደግሞ ኢትዮጵያዊ መሆን ሳያስፈልግ ሁሉም ያውቃል።

እማማ ብርቄ በሩን ከፈቱ። ጎንደር የቀረች፣ ወደዚህ ለመምጣት ተራ የምትጠብቅ እህት አለቻቸው። ወታደር የሆነ የልጅ ልጅ አላቸው። ሦስታችንን በየተራ አዩንና በቀጭን ድምፅ «ማንን ነው?» አሉ።

«ማንም አልሞተም» አልኩ ፈጥኜ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መርዶ ሊነግር የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነውና እማማ ብርቄ እዬዬ አሉ። ቄሱ «ተረጋጊ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሏቸው፤ ይህም መርዶ የያዘ ቄስ የሚለው ቃል ነው። አባባ ፈረደ ነገሩን ሊያስተካክሉ ፈልገው «እኛ የመጣነው በተገኘ ጉዳይ ነው» አሉ። አባባ ተገኘ ከነፒጃማቸው ከመኝታ ቤት ወጥተው «በኔ? እኔ ምን ሆንኩ?» አሉ። ማንም አልሰማቸውም። እማማ ብርቄ አንድ ጊዜ እህታቸውን፣ አንድ ጊዜ የልጅ ልጃቸውን ያለቅሳሉ፤ ማንን አልቅሰው ማንን እንደሚተዉ አላወቁም። ያቺ የደረጃዋ ሴት ሕንፃውን ቀስቅሳ ኖሮ ጎረቤቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ገባ። ከሁለተኛ ፎቅ አንዲት ሞሮኳዊት አሮጊት በፒጃማ መጥታ እማማ ብርቄን አቅፋ አብራ አለቀሰች። የፕላስቲክ ወንበር የሚያመጣ አመጣ። አንዱ ሰውዬ እንባውን እየጠረገ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?» አለኝ።

«ማንም!» ብዬ ጮህኩ።

«እሺ፣ እሺ፣ ቀስ ብለህ ትነግረናለህ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በዚህ መሀል እማማ ብርቄ ዓይናቸው ዞረና ወለሉ ላይ ተዘረጉ። አሁን ጠይቁኝ፦ ይህን ሁሉ ዓመት የሰለጠነው ሆቬሽ ምን አደረገ? ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሰው አርቅ፣ ትንፋሽ እይ፣ ትርታ ያዝ። እኔ ግን ውሃ አምጡ አልኩና የመጣውን ውሃ ራሴ ጠጣሁት። ከዚያ ወደ ገዛ መሥሪያ ቤቴ ደውዬ የሽኩና ዳሌትን አድራሻ ልናገር ስል የራሴን ቤት አድራሻ ተናገርኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ድምፄን አወቀችው። እኔ በየቀኑ ለሰው የምለውን ቃል ለእኔ አለችኝ። «ቲራጋ» አለችኝ፤ ተረጋጋ ማለት ነው። ቃሉ ለካ እንዲህ ያናድዳል።

አምቡላንሱ ሲደርስ ማን ቢወርድ ጥሩ ነው? ቫዲም፤ የሌላ ሰው ፈረቃ ሸፍኖ። ክፍሉን የሞላውን ሕዝብ፣ ወንበሩን፣ ቄሱን፣ ወለል ላይ የተዘረጉትን እማማን አየ። «ይህ ነው የአባቶች ጥበብ?» አለኝ። እማማ ብርቄ ያን ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠዋል፤ ግን ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ይወሰዱ ተባለ። ዝናሽ ሥራ ላይ ስለሆነች አብሯቸው የሚሄድ መላቬ፣ ማለትም አጃቢ፣ ሌላ አልተገኘም። አባባ ተገኘ ኮታቸውን ደረቡ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ በትራቸውን ይዘው በእግራቸው ወረዱ። ጎረቤት ሁሉ ሰገነት ላይ ነበር። እሳቸው የሚስታቸውን ቃሬዛ ተከትለው ቀና ብለው አለፉ።

እኔ ሽማግሌዎቹን ወደየቤታቸው አድርሼ ሆስፒታል ስገባ እማማ ብርቄ አልጋ ላይ ናቸው፤ የልብ ማሽኑ ገመድ ተያይዞባቸዋል። ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖ ድንጋጤ ብቻ ነው ተብሏል። አባባ ተገኘ አጠገባቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ያንን ረጅም ኮሪደር ተራምደው ስለመጡ ግንባራቸው ላብ አውጥቷል፤ አንድ እጃቸው ከኮታቸው ሥር ደረታቸውን ይዟል። እማማ ብርቄም አይተውታል።

«ይህን ገመድ ለእሱም ያስሩለት» አሉኝ።

«እኔ መላቬ ነኝ፤ በሽተኛ አይደለሁም» አሉ አባባ።

«ብቻዬን ታስሬ እፈራለሁ። እስከ ዛሬ ያልተለየኸኝ ዛሬ ልትለየኝ ነው?»

አባባ ተገኘ ወደ እኔ ዞሩ። «መታሰሩ ያማል?»

«አያምም፣ አባባ።»

«ለእሷ ስል ነው» አሉና ኮታቸውን አወለቁ። ነርሷን ጠራሁ። መላቬ ይመረመራል የሚል ሥርዓት እንደሌለ ልትነግረኝ አፏን ከፈተች፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ዘጋችውና ገመዱን አመጣች። ማሽኑ ወረቀቱን ተፋ። ወጣቱ ሐኪም አየው፤ ሌላ ሐኪም ጠራ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መሮጥ ጀመረ። አልጋው ሲገፋ አባባ ተገኘ በጀርባቸው ተኝተው ኮርኒሱን ግራና ቀኝ አዩ።

«እዚህ ሰገነት የለም?» አሉኝ።

«የለም፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ይሁን።»

በሩ ተዘጋ። ከእማማ ብርቄ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቀረን። እጃቸውን ይዤ እሳቸውን ያጽናናሁ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ስመለከት የሚያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው። ፈራሁ። ብዙ ሰው በብዙ በር አስገብቼ አውቃለሁ፤ ከበሩ ውጭ ቆሜ ግን መጠበቅ አላውቅበትም ነበር። ያ ሐኪም ወጥቶ ተዘግቶ የነበረው የልብ ሥር ተከፈተ፣ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር ሲለን፣ አለቀስኩ። እማማ ብርቄ ግን አላለቀሱም። እንባቸውን ጠዋት ጨርሰውታል።

በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ስሄድ አባባ ተገኘ ትራስ ተደግፈው እርጎ ይበላሉ። ምስጋና ይዘንባል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ልጄ» አሉ፣ «ሽማግሌ ስትልክ ከሰዓት በኋላ ላክ።»

ወሬው ግን ከተማውን ሲዞር ሌላ መልክ ይዞ ዞረ። እኔ አውቄ ያደረግኩት ብልሃት ሆነ። «ባልየው እምቢ ቢለው በሚስትየው በኩል አስገባው፤ ይህ ነው እንጂ ጭንቅላት» ተባለ። መጀመሪያ «ኧረ በስህተት ነው» እል ነበር። ሰው ትሕትና ነው አለ። በሁለተኛው ሳምንት ዝም አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ከሌላ ከተማ ደውላ ዶክተር ብላ ጠርታኝ ስለ እምቢተኛ አባቷ ምክር ስትጠይቀኝ «ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ሰዓቱን መምረጥ ላይ ነው» ስል ራሴን ሰማሁት። ቫዲም አጠገቤ ቡሬካስ እያኘከ «ያን ቀን መሥሪያ ቤት ደውለህ የራስህን ቤት አድራሻ የተናገርከው ተቀድቷል፤ ላሰማት?» አለኝ።

እዚህ ላይ ባበቃ ለእኔ ጥሩ ነበር። ክብሬን እንደያዝኩ እሰናበታችሁ ነበር። ግን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ፣ ባለቤቴም ከጠዋት ጀምሮ ስለ ግፊቴ ሳትነዘንዘኝ በመዋሏ እየተደነቅኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ቄሱ ከነጃንጥላቸው፣ አባባ ፈረደ ከነኩታቸው፣ ከፊታቸው ደግሞ አባባ ተገኘ ቆመዋል። እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። አንድ ጊዜም አላረፉም፤ እንዲያውም የሚያለከልከው አባባ ፈረደ ናቸው።

አፌን ሳልከፍት አባባ ተገኘ እጃቸውን አነሡ።

«ማንም አልሞተም» አሉ። «በአንተ ጉዳይ ነው የመጣነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ቄሱ ከጋቢያቸው ሥር የገዛ ግፊት መለኪያዬን አወጡ። ከመኪናዬ ማን እንዳወጣላቸው አልጠየቅኩም፤ ባለቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ድንገት ሥራ በዝቶባት ድስት ታንኳኳለች። እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ የሰለጠነ ሆቬሽ ያለ አንዳች ማመንታት የሚናገረውን ተናገርኩ። «እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። «እናንተስ እንደምን ናችሁ? ልጆቹስ?»

«ክንድህን» አሉ አባባ ተገኘ።

ቁጥሩን ለእናንተ አልነግራችሁም። ቫዲም ቢያየው ግን ቅንድቡን ያነሣ ነበር። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ በእግሬ ሄድኩ፤ መላቬዬ አባባ ተገኘ ነበሩ።